ጋሽ ተካልኝ እና መርዶ የሚጠይቀው ኤዲተር

ይህን የምጽፈው ዱባይ አጠገብ ባለችው ዐጅማን፣ ዕቃው ግማሽ በግማሽ በካርቶን በታሸገበት ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ነው። ቪዛዬ ተሰርዟል። ስልሳ ሞልቶሻል ተብዬ ከሥራ ተሰናበትኩ፣ የአገልግሎት ሒሳቤን ተቀበልኩ፣ ኬክም ተቆረሰልኝ። ኬኩን የቆረሱልኝ ልጆች ሁሉም አዲሶች ናቸው። አብሬያቸው ያረጀሁት ሰዎች ከእኔ በፊት ሄደው አልቀዋል፤ አንዳንዱ ወደ አገሩ፣ አንዳንዱ ወደማይመለስበት።

ኮምፒውተሩን መልሼ አስረክቤያለሁ። ኤዲተሩን ግን ከነሙሉ ጠባዩ ወደ ራሴ ላፕቶፕ አምጥቼዋለሁ። ኤዲተር ስል ለማያውቀው አንባቢ፣ ጽሑፍ የሚጻፍበት ተራ ፕሮግራም ማለቴ ነው። እንደ ሌሎቹ መጻፊያዎች ጌጥ የለውም፤ ባለቤቱ ግን እንደ ፍላጎቱ ሊያበጀው ይችላል፤ ቀለሙን፣ ቁልፎቹን፣ አቋራጮቹን። የእኔን ያበጁልኝ ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ሙያውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን «አስከሬን» የሚለውን ቃል ስጽፍ ኤዲተሩ ቆመብኝ። ከገጹ ግርጌ በአማርኛ «መርዶ ተነግሯል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» ብዬ ካልመለስኩለት ወደሚቀጥለው መስመር አያሳልፈኝም። ሥራ ላይ እያለን ለሥራ የተበጀ ነገር ነበር፤ ዛሬ ትዝታዬን ስጽፍም አልተወኝም። ማጥፋት ይቻላል፣ ከቅንብሩ ውስጥ ጥቂት መስመር መሰረዝ ነው፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም።

ወደዚህ አገር የመጣሁት አዲስ አበባ የጽሕፈት ሥራ ተምሬ ነው። ኤጀንሲው የቢሮ ሥራ ነው ብሎኝ ነበር። ቢሮው ዱባይ፣ ሚርዲፍ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ሆኖ ተገኘ፤ የተሰጠኝም መጥረጊያና ካውያ ነበር። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ታሞ የሚጮህ ልጅ ስለነበራት ግን ቤቱ ዕረፍት አያውቅም። የተማርኩት እንዳይጠፋብኝ ሸሚዝ በምተኩስበት ጠረጴዛ ላይ በጣቶቼ እተይብ ነበር። ካውያውን አቆምና ያሰብኩትን ሁሉ ጨርቁ ላይ እጽፋለሁ። ማዳም አንድ ቀን አይታኝ ጅን የያዘኝ መስሏት ቁርኣን አስቀራችብኝ። እኔም የተዋሕዶ ልጅ፣ አንገቴን ደፍቼ አዳመጥኩ። ምን አደርጋለሁ።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ለቤተሰብ ካርቶን ልልክ ብዬ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወደሚገኝ የካርጎ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ጎማ ከሚቀይሩ ጋራዦች በላይ ያለች፣ የዘይት ሽታ በደረጃው የሚወጣባት ክፍል ነበረች። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ጠይም ሰው፣ ጋሽ ተካልኝ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይጽፋሉ። የኮምፒውተራቸው ገጽ ጥቁር ነው፤ በላዩ ላይ ቢጫ፣ አረንጓዴና ነጭ መስመሮች ይወርዳሉ። ሁለት ፊደል ነካ ሲያደርጉ ሙሉ አድራሻ ይዘረገፋል። እኔ ሳላውቀው ጣቶቼ ባንኮኒው ላይ የእሳቸውን አጻጻፍ ተከትለው ይሄዱ ነበር። ቀና ብለው ጣቶቼን አዩና በአማርኛ መተየብ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። በሳምንቱ ተመልሼ የመጣሁት ለሥራ ነበር።

የቢሮው ኃላፊ ሻጂ የሚባል የሕንድ፣ የኬረላ ሰው ነው። ሲናደድ በዐረብኛ «ያላ፣ ሹግል ሹግል»፣ ቶሎ ሥሩ፣ ከማለት ያለፈ ክፋት አልነበረበትም። ቪዛዬን አዛወረልኝ፤ እኔም ዐጅማን ቢድ ስፔስ የሚባለውን የአንድ አልጋ ቦታ ተከራይቼ ከስድስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል መኖር ጀመርኩ። ደመወዙ ከቪላው ብዙም የሚሻል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ግን ቦርሳ አንግቼ ወደ ቢሮ የምሄድ ሰው ሆኜ ነበር። ለእኔ በጊዜው ይህ በቂ ነበር።

ሥራችን በአየር የሚላክ ዕቃ ወረቀት መጻፍ ነበር። ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ክብደቱ፣ የዕቃው ዓይነት። ደንበኛው ይህን ሁሉ በተበጣጠሰ መልእክት፣ በፎቶ፣ ሲጋራ ፓኮ ላይ በተጻፈ ጽሑፍ ያመጣዋል፤ የአየር መንገዱ ሲስተም ግን ጥብቅ ነው፤ አንድ መስመር ከተፈቀደለት ፊደል ካለፈ ወረቀቱን እንዳለ ይመልሰዋል። ጋሽ ተካልኝ ለዚህ ብለው ከገጹ ቀኝ በኩል ቀጭን መስመር አስምረዋል፤ ያንን ያለፈ ፊደል ይቀላል። ዜሮ ከሌላ ፊደል ጋር እንዳይምታታ ሆዱ ላይ ጭረት ያለው ዜሮ መርጠዋል። ባትሪ ያለበት ዕቃ ሲጻፍ መስመሩ ቢጫ ይሆናል፤ ባትሪ አውሮፕላን ላይ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል የራሱ ወረቀት ያስፈልገዋል። ቶሎ የሚበላሽ ነገር አረንጓዴ ነው።

አቋራጮቹን ስም የሚያወጡላቸው በደንበኞቹ ጠባይ ነበር። ሁልጊዜ የዕቃውን ክብደት አሳንሶ የሚነግረን አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ነበረን። የእሱን አድራሻ የሚያወጣው አቋራጭ «ሌባ» ነው፣ በአማርኛ ፊደል። ሰውየው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስማችንን እየጠራ ሲቀልድ እኛ «ሌባ» ብለን ጽፈን ታብ እንጫናለን፤ የተከበረው ስሙና አድራሻው ተዘርግፎ ይወጣል። እሱም ፍጥነታችንን አይቶ ያደንቀናል።

ጋሽ ተካልኝ ማውስ አይወዱም። ማውሷን በጅራቷ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር አንጠልጥለዋት ነበር፤ እጅ ከቁልፎቹ ላይ በተነሣ ቁጥር ሐሳብ ይበተናል ይላሉ። ጠዋት ሁሉም ሰው ኢሜይል ሲከፍት እሳቸው ከረክ የሚባለውን የወተት ሻያቸውን ይዘው የኤዲተሩን ቅንብር ይከፍታሉ። «ቤቱን ልጥረግ» ይላሉ። ትናንት ያስቸገራቸውን አንድ ነገር ያስተካክላሉ፣ አንድ ብቻ፤ ከዚያ ወደ ሥራ። ማታ ስንለያይም እንደ ሰው ደህና እደሪ አይሉኝም። «ዛሬ ምን አስቸገረሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም አንዱን አነሣለሁ፤ ይህ ቁልፍ ራቀኝ፣ ይህ ቃል ተደጋገመብኝ እላለሁ። በማግሥቱ ስገባ ተስተካክሎ አገኘዋለሁ። ባል አግብቼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚጠይቀኝን ነበር የምፈልገው። ብዙ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ የቆየሁት በደመወዙ ብቻ አይደለም።

በዚያ ሁሉ የመኪና ዕቃና ልብስ መካከል አልፎ አልፎ ሣጥን ይመጣል። የእኛ ልጆች ናቸው። ታማ የሞተች፣ ከፎቅ የወደቀች፣ ተኝታ ያልነቃች። እንዴት እንደሞተች ወረቀቱ ባጭሩ ይናገራል፤ ዝርዝሩን እያለቀሱ ወረቀት ይዘው ከሚመጡት ጓደኞቿ እንሰማለን። አስከሬንም በአየር የሚሄደው እንደማንኛውም ጭነት ነው፤ ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ክብደት አለው።

የመጀመሪያዬን ስጽፍ በተቀባዩ ስልክ ቦታ የሟቿን እናት ቁጥር ላስገባ ነበር። ኤዲተሩ ቆመ። የስልኩ መስመር ጠቆረ፤ ከግርጌም ያ ጥያቄ መጣ። ጋሽ ተካልኝ የቀለዱብኝ መስሎኝ ዞር አልኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ፀዳለ፣ እዚህ ላይ የጻፍሽው ቁጥር ይደወልበታል» አሉኝ። «አዲስ አበባ ካርጎ ያለው ሰው ሥራው ነው፣ ‹ሣጥን መጥቷል፣ ኑና ውሰዱ› ይላል። እናት ልጇን በዚህ ትረዳ?»

መርዶ በማለዳ ነው። ይህን ማንም የአገሬ ሰው ያውቀዋል። የቅርብ ዘመድ፣ የእድሩ ሰዎች፣ የንስሐ አባት በጨለማ ተሰብስበው፣ በር ላይ ቆመው፣ ውኃ የሚይዝ ውኃ ይዞ፣ የሚደግፍ ከጎን ሆኖ። ወሬው ከሰውየው ጆሮ ሲገባ ዙሪያውን ሰው ሞልቶ እንዲገኝ ነው። ጋሽ ተካልኝ ለእያንዳንዷ ሟች አገር ቤት አንድ አጎት ወይም አንድ ቄስ ወይም የእድር ሰብሳቢ ያፈላልጋሉ። ተቀባዩ ቦታ የዚያን ሰው ስም፣ ስልኩ ቦታ ግን የራሳቸውን ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ሰውየው መልሶ ደውሎ «ተነግሯል» እስኪላቸው ድረስ ለኤዲተሩ «አዎ» አይሉትም። ሻጂ ወረቀቱ ዘገየ ብሎ ይነጫነጫል። «ሻጂ፣ የሞተ ሰው አይቸኩልም» ይሉታል፤ እሱም እጁን አወናጭፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከካርጎ የሚደወለው ሁሉ ለእሳቸው ነበር። ምሳ እየበላን ስልካቸው ይጮኻል፤ ተነሥተው በረንዳ ላይ ያወራሉ፤ ሲመለሱ ምግቡን ወደ ጎን ይገፉታል።

ይህ ነገር ለወግ ያህል የሚደረግ የሚመስለው ሰው ካለ የራሴን ልንገረው። እናቴ የሞተች ጊዜ ጋሽ ተካልኝ ከእኔ በፊት ሰምተው ነበር። በሳምንቱ መካከል ስለነበር ሰው መሰብሰብ አልቻሉም፤ እስከ ዕረፍቱ ቀን፣ እስከ ጁማ መቆየት ነበረበት። የፈሩት ስልኬን ነው። አንዱ የሰፈር ልጅ ፎቶዋን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ቢልስ? ስለዚህ የአማርኛ ፊደል ልጫንልሽ፣ የምታዘወትሪያቸውን ቃላትም በአቋራጭ ላድርግልሽ ብለው ስልኬን ወሰዱት። ሥራው ረዝሟል እያሉ ቀናቱን አሳለፉ። እኔም ሰነፍ ሆነዋል እያልኩ አሾፍኩባቸው፤ ፈገግ ይላሉ። ጁማ ሊነጋጋ ሲል ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ቢድ ስፔሴ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሳያቸው ገባኝ። ስወድቅ የያዙኝ እጆች ብዙ ነበሩ፤ መሬቱን አልነካሁም። ስልኬን ሲመልሱልኝ የአማርኛው ፊደል እውነትም ተጭኖበት ነበር፤ «እማ» ብዬ ስጽፍ የሚመጣውን አቋራጭ ግን አጥፍተውታል። ያቺን ማጥፋታቸውን ሳይ ነው ጮኼ ያለቀስኩት።

ዓመታት አለፉ። ካምፓኒው ለትልቅ ድርጅት ተሸጠ፤ ሻጂ ወደ አገሩ ሄደ፤ እኛም ወደ ዱባይ ተዛወርን። ጋራዥ የለ፣ የዘይት ሽታ የለ፣ መስታወት ብቻ። ከዐጅማን በአውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ በሜትሮ። እዚያ የጠበቀን በኢንተርኔት የሚሠራ አዲስ ሲስተም ነው። ጋሽ ተካልኝ በመጀመሪያው ጠዋት ከረካቸውን ይዘው ተቀመጡና ቅንብሩን ከፈቱ። የሚቀየረው የጀርባው ቀለም ብቻ ነበር፤ ወይ ነጭ ወይ ጥቁር። ጥቁሩን መረጡና «ይኸው ቤቱ ተጠረገ» አሉ።

ለጊዜው መላ አበጀን። መጀመሪያ በራሳችን ኤዲተር እንጽፋለን፣ ከዚያ ወደ ሲስተሙ እንገለብጣለን። ቆይቶ ግን ወረቀቱን ራሱ አንብቦ የሚሞላ ነገር ገባ። ፓስፖርቱን፣ ደረሰኙን፣ ኮንትራቱን ሁሉ አያይዘሽ ትሰጪዋለሽ፤ ስም ከስሙ ቦታ፣ ክብደት ከክብደቱ ቦታ ያስቀምጣል። የጎደለውን ይሞላል፤ የተሳሳተ የመሰለውን ያርማል። ላኪና ተቀባይም ጭነቱ ሲነሣና ሲደርስ በስልካቸው መልእክት ይደርሳቸዋል። ሐሰት አልናገርም፣ ወድጄው ነበር። ዓይኔ ደክሟል፣ ጣቶቼም እንደ ድሮው አይደሉም። የሱቅ ዕቃ ከሆነ እስከ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ብርቱካን የምትባል ልጅ ሞተች። ሚርዲፍ ነበር የምትሠራው፣ እኔ ከነበርኩበት መንገድ ብዙም በማይርቅ ቤት። ወረቀቷን ያመጣችው ሙሉ የምትባል አብሮ አደጓ ናት። የብርቱካን እናት ያለችው ወሎ ገጠር ነው፤ አጎቷ አዲስ አበባ ይኖራል። አጎትየው ሣጥኑን ተቀብሎ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ አብሮ ወደ ወሎ ሊሄድና ማለዳ ሊያረዳ ተነጋገርን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኤዲተሩ ጠየቀኝ፤ አጎትየው ደውሎ ሁሉ ተዘጋጅቷል እስኪለኝ ጠበቅኩ፤ ገጠሩ ሩቅ ስለሆነ ለዚህች ጊዜ ጋሽ ተካልኝ በዚያው «አዎ» እንድል ፈቀዱልኝ። ተቀባይ አጎቱ፣ ስልክ የጋሽ ተካልኝ። ገለበጥኩ፣ አየሁት፣ ልክ ነበር፤ ላክሁት።

ሲስተሙ ግን ከእኔ በኋላ አረመው። የጋሽ ተካልኝ ቁጥር በብዙ ተቀባዮች ስም ተመዝግቦ ስለነበር ስሕተት መሰለው። እውነትም የአንድ ሰው ስልክ የዚያን ሁሉ ሰው ሣጥን ሊቀበል አይችልም። ስለዚህ የተያያዙትን ወረቀቶች አገላብጦ ከብርቱካን የሥራ ኮንትራት ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪዋን ስልክ አገኘና ተካው። የእናቷን። ለእኔ ምንም አልነገረኝም።

የተላከው መልእክት እንግሊዝኛ ነው። እናትየው ባለሱቁን አስነበበችው። ባለሱቁ በቅንነት ተረጎመላት፤ ከዱባይ ዕቃ ተልኮልሻል፣ አንድ ትልቅ ዕቃ ነው፣ ሐሙስ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከባድ ነው አላት። የእኛ ልጆች ካርቶን ይልካሉ፤ ቴሌቪዥን ይልካሉ፣ ማቀዝቀዣ ይልካሉ። እናትየው ልጄ ማቀዝቀዣ ላከችልኝ ብላ እልል አለች። መንደሩ ደስታዋን ሰምቶ መጣ። ከቤቷ አንዱን ጥግ አስለቅቃ አስጠረገች። ታላቅ ልጇን ዕቃውን እንዲያመጣ ከአንድ ባለ አይሱዙ ጋር ላከችው። ልጁ ለአጎቱ ያልደወለለት ቤቱ ደርሶ ሊያስደስተው ብሎ ነው።

አጎትየው ካርጎ በር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ሲጠብቅ የእኅቱን ልጅ አየው። ልጁ ካርቶኑን የሚያስርበትን ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ስልኩን ለጥበቃው እያሳየ ይስቃል። እነዚያም ጥቁር ለብሰዋል። ልጁ መጀመሪያ እነሱም ዕቃ ሊወስዱ የመጡ መስሎት አቀፋቸው አሉ።

ይህን ሁሉ አጎትየው ለጋሽ ተካልኝ በስልክ ነገራቸው። ስልኩን ሲዘጉ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና እንዳለ ነገሩኝ። አልጮኹም፣ አልወቀሱኝም። እኔ ሁሉን በትክክል እንደጻፍኩ ደጋግሜ ነገርኳቸው። «አውቃለሁ ልጄ፣ አይቼዋለሁ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። ዕቃው አስከሬን ከሆነ መልእክት እንዳይላክ። ይኸው ነው። በራሳችን ኤዲተር ቢሆን አንድ ከረክ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነበር። አዲሱ አለቃችን ደግ ወጣት ነው፤ ሰምቶ አዘነ፣ ሲስተሙ ግን የእኛ አይደለም፣ ኪራይ ነው አለ። ለባለቤቶቹ ጻፈላቸው። ጥያቄዎ ደርሶናል የሚል መልስ መጣ። ጋሽ ተካልኝ እንደገና አስጻፉ፤ እንደገና ያው መልስ መጣ። መልሱም የሚመጣው በራሱ ከሚጽፍ ነገር ነበር። እኔ እስከወጣሁ ድረስ የተለወጠ ነገር አላየሁም።

ጋሽ ተካልኝ በዓመት ዕረፍታቸው አዲስ አበባ ቤተሰባቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ከዚያ ለማንም ሳይናገሩ ወሎ ወርደው የብርቱካንን እናት አዩ። ሲመለሱ ምን እንዳሏት፣ ምን እንዳለቻቸው አልነገሩኝም። ከብዙ ቀን በኋላ ሜትሮ ውስጥ ቆመን፣ ድንገት፣ «ጥጉን ባዶውን ትታዋለች ፀዳለ» አሉኝ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ቤቱን መጥረግ ተዉ። ከረካቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ቅንብሩን ግን አይከፍቱትም። አንድ ቁልፍ ተበላሽቶባቸው በሌላ ጣት ዞረው ሲጽፉ አየሁና ላስተካክል ብላቸው ይቅር አሉኝ። ሰው ያበጀው ቤት ውስጥ ግዴለሽ ሲሆን ማየት ከባድ ነው። መክሳታቸውን ሁላችንም አየን፤ እሳቸው ሙቀቱ ነው አሉ፤ ሙቀት ግን ሰውን እንዲያ አያደርግም። ሐኪም ቤት ሲገቡ በሽታው ጉበታቸውን ጨርሶት ነበር።

ዐጅማን የተኙበት ክፍል መስኮት ነበረው። ከሥራ መልስ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑ እንዳይነገራቸው አዘዙኝ፤ ጋሽ ተካልኝ በስልክ ሲያወሯቸው ድምፃቸውን አጠንክረው ሥራ በዝቶብኝ ነው ይላሉ፤ ስልኩን ሲያስቀምጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንድ ቀን ልወጣ ስነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያንቀላፉ መስሎኝ፣ «ዛሬ ምን አስቸገረሽ?» አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ውሸቴን እንደሆነ አወቁ።

«የኔን አንቺ ትጽፊዋለሽ» አሉኝ። «አልማዝ ስልክ እንዳታነሣ።»

እሺ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ወረቀቱን መጀመሪያ በኤዲተሩ ጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ሲስተሙ ራሱ ይሞላው ነበር። ስማቸውን ያለ አቋራጭ፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩ። ዕቃው ዓይነት ላይ ስደርስ ቆመ። የስልኩ መስመር ጠቆረ። «መርዶ ተነግሯል?» አለኝ፤ እሳቸው የጻፉት ጥያቄ፣ ስለ ራሳቸው። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ መልስ ይጠብቃል። ገና ነበር። የወይዘሮ አልማዝ ወንድም ጉለሌ ሰው እየሰበሰበ ነው፤ ሐኪማቸውም አብሮ እንዲገባ ጠይቀናል። ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ ወደ ቤት ሄድኩ።

በማግሥቱ ማለዳ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሲደወል የመጀመሪያው የሰማሁት ከኋላ ያለውን ልቅሶ ነው። ወንድምየው «ተነግሯቸዋል፣ ደህና ናቸው፣ ሰው ይዟቸዋል» አለኝ። ቢሮ ገብቼ «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ኤዲተሩ አሳለፈኝ።

ቀጥሎ ሲስተሙ ነበር። ካያያዝኳቸው ወረቀቶች ላይ የወይዘሮ አልማዝ ቁጥር ያለበትን ሁሉ ሸፈንኩ። በስልኩ ቦታ የራሴን ቁጥር አስገባሁ፤ ያ ቁጥር እዚያ ሲስተም ውስጥ ተጽፎ አያውቅም። ልኬው ቁጥሩ እንዳይለወጥ ከአንዴም ሁለቴ፣ ሦስቴ ከፈትኩት። አልተለወጠም።

መልእክቱ የደረሰኝ ከሥራ ስመለስ፣ ወደ ዐጅማን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ፣ ውድ ደንበኛችን፣ ጭነትዎ በሰላም ተነሥቷል ይላል። ደጋግሜ አነበብኩትና እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ነበር፤ በተሰባበረ ዐረብኛ «ሙሽኪላ?»፣ ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን አሳየሁት። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ቀስ ብሎ አነበበ። ፊቱ በራ።

«መብሩክ»፣ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፣ ስልኩን እየመለሰልኝ። «ቤተሰብሽ ደስ ይላቸዋል።»

ሹክራን አልኩት።